ዘይት ዘይት የሚለው አየር

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

የሌላ ሰው የጥርስ ምልክት ያለበት ላስቲክ ዛሬ አፌ ውስጥ ገባ። ነክሼ ያዝኩት። ተነፈስኩበት። ሶስና እያየችኝ ስለነበር ፊቴን እንኳ አላጨማደድኩም።

ላስቲኩ ከአየር ሲሊንደሩ በሚመጣው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ነው፤ ውሃ ስር የሚተነፈሰው በእሱ ነው። ከእኔ በፊት ማን እንደነከሰው እግዜር ይወቅ። አሠልጣኛችን ባሻ ገረመው ባልዲ ውስጥ በረኪና ጠብ አድርገው አንዴ ነከር አደረጉትና «ይኸው፣ ንጹሕ ነው» አሉ። የባልዲው ከንፈር ላይ ረጅም ጥቁር ፀጉር ተጣብቋል። የእኔ አይደለም። የሶስናም አይደለም።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልጻፈው፤ ኋላ በራሴ ስናደድ ምክንያቴን እንዳስታውስ። ሶስና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስትናገር ትንተባተባለች። ቤት ውስጥ ብዙም አይደለም፤ ሰው ፊት ግን የመጀመሪያዋ ፊደል ጉሮሮዋ ላይ ትቆምና ፊቷ ይቀላል፤ ከዚያ ነገሩን ትተወዋለች። ዘንድሮ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እጇን እንዳላወጣች መምህሯ ነግራኛለች። ሰኔ ላይ ቃሊቲ ከታክሲ ስንወርድ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በር ላይ የባሻን ማስታወቂያ አየች፤ ልጆችና ወላጆች አብረው ጠልቆ መዋኘት የሚማሩበት። «እማዬ፣ ውሃ ስር ሰው የሚያወራው በእጁ ብቻ ነው» አለችኝ። አንድም ፊደል አልተያዘባትም። በዚያው ተሸነፍኩ።

ልጅ ያለ ወላጅ አይገባም ተባለ። አባቷ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ እኔ።

እኔ ማለት ደግሞ ዘመድ ሁሉ «ተጸያፊዋ» የሚለኝ፣ ሠርግ ቤት ከቤቴ ማንኪያ ይዤ የሄድኩ ሴት ነኝ። እንጀራዬም አፍንጫዬ ነው፤ የሳሙና ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ የገባ ዘይት ሁሉ መጀመሪያ በእኔ አፍንጫ ያልፋል። ለዚህ ሳምንት ግን ለራሴ ቃል ገባሁ፦ ቆሻሻ ነው፣ ይሸታል፣ ያስጠላል አልልም። ልጄ አንድ ደስ የሚላት ነገር አግኝታ እኔ በአፍንጫዬ አላበላሽባትም።

ስድስት ነን። እኔና ሶስና፤ ሁለት የባንክ ሠራተኞች፤ ያገለገሉ የፋብሪካ ማሽኖች የሚነግደው አቶ ዘሪሁንና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ናታን።

የማረፊያው ገንዳ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ ክረምት አይደል። ጥግ ላይ ቢጫ አረፋ፣ አረፋው ላይ ያገለገለ የቁስል ፕላስተር። አየሁት። ምንም አላልኩም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

የባንክ ሠራተኞቹ ቀሩ። ብርዱ አባረራቸው። አልፈርድባቸውም።

የዛሬው ትምህርት ምራቅ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። የመነጽሩ መስታወት ውሃ ስር ጭጋግ እንዳይሠራ እንትፍ ተብሎበት በጣት ይታሻል፤ ከዚያ ይለቀለቃል። ባሻ ድሮ ባሕር ኃይል ሳሉ ምጽዋ ላይ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። እኔና ሶስና ዞር ብለን በትንሹ እንትፍ አልን። አቶ ዘሪሁን ግን ከሳንባው ሥር አስሎ፣ አጠራቅሞ፣ መስታወቱን ሞላው። ሲጨርስ የለቀለቀው ገንዳው ውስጥ ነው። እኔ ቆሜ ያለሁበት ገንዳ ውስጥ። ውሃው እስከ ደረቴ ነበር። ወደኋላ ሄድኩ፤ ግን ውሃ ግድግዳ የለውም።

ልጆቹ ከእኛ ይሻላሉ። ይህ የሚያበሽቅም የሚያስደስትም ነው። ሶስና መነጽሯ ውስጥ የገባውን ውሃ በአፍንጫዋ ተንፍሳ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክራ አወጣችው። እኔ ሦስት ጊዜ ጠጣሁት። ናታንም ጎበዝ ነው፤ አባቱ ግን ሁልጊዜ ከበላዩ ነው። «ቶሎ በል፣ ሰነፍ» ይለዋል፤ ልጁ ከእሱ ቀድሞ ጨርሶ እያለ።

የተማርናቸው ምልክቶች፦
አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ሲገናኙ፣ ደህና ነኝ።
አውራ ጣት ወደ ላይ፣ እንውጣ።
የተዘረጋ መዳፍ ሲወዛወዝ፣ ችግር አለ።

ሶስና ባሻ ያላስተማሩትን የራሷን ጨመረችበት፤ ናታን ገባው። ገንዳው ወለል ላይ ተንበርክከው ሁለቱ በእጃቸው ሲያወሩና ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ልጄ ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር ስታወራ። ይህን ሁሉ ምራቅ ለዚህ ብዬ ቻልኩት።

እኔም አራት ደቂቃ ሙሉ ታች ተቀመጥኩ። ባሻ ሰዓት ይዘውልኝ ነበር። «የሶስና እናት፣ እርስዎስ መርከበኛ መሆን ነበረብዎ» አሉኝ። ኮራሁ።

አንድ ነገር፦ ሲሊንደሮቹ አለቁ። ባሻ የሚያስሞሉበት ቦታ ሩቅ ነው፤ ሳምንት ይፈጃል። አቶ ዘሪሁን «ለእኔ ተዉት፤ ግቢዬ ውስጥ ሲሊንደር የሚሞላ ኮምፕሬሰር አለኝ» አለ። ሁላችንም አመሰገንነው። እኔም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ዛሬ በአዲሱ አየር ሠራን። ሲሊንደሮቹን አቶ ዘሪሁን በመኪናው አምጥቶ እየቆጠረ አወረደልን።

ገና ደረታችን ድረስ እንደገባን ሶስና ላስቲኩን ከአፏ አወጣች። «እማዬ፣ አ-አ-አየሩ ዘይት ዘይት ይላል።» አቶ ዘሪሁን ሰማ። ቅንድቡን አነሳ። ሰውዬው በነጻ ደክሞልን፣ ልጄ ፊቱ ላይ ነውር ስታወጣበት ተሰማኝ። «ሰው ፊት አታሳፍሪኝ። ዝም ብለሽ ተንፍሺ» አልኳት።

ዝም አለች። ዝም ማለት ከማንም በላይ ታውቅበታለች።

እውነቱን እዚህ ልጻፍ፤ ሌላ ሰው አያነበውም። እኔም ቀምሼዋለሁ። ምላሴ ላይ አንድ ስስ ነገር ተለጥፏል፣ ከላስቲኩ ሽታ ሌላ፣ ከበረኪናውም ሌላ። ግን ያ ቃሌ ነበረ። አሁንም ተጸያፊነቴ ነው አልኩ። እዚህ ቦታ የማልጸየፈው ነገር የለም፤ የትኛውን ልመን?

ስንወጣ ራሴን ወቀረኝ። ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንመለስ ሶስና ታክሲው ውስጥ አስመለሳት። ፌስታል ደረስኩላት፤ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። አጠገባችን የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ወደ መስኮት ዞረች። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው።

የገንዳ ውሃ ውጣ ነው አልኩ። የጾም ሽሮ በባዶ ሆዷ ነው አልኩ። ብዙ ነገር ነው ያልኩት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት ሥራ ቦታ አንድ በርሜል ዘይት መጣ። ከፍቼ ሳሸተው ከሥሩ ሌላ ሽታ አለው፤ የማሽን ቅባት ነክቶታል። መለስኩት። ፊርማዬን እያኖርኩ ሳለ ትናንት ምላሴ ላይ የነበረው ነገር ምን እንደሆነ አወቅሁ። እሱ ነው። የሞተር ዘይት። ለልብስ ሳሙና እንኳ የማላሳልፈውን ነገር ልጄ ሳንባ ውስጥ አስገባሁ።

ከሰዓት ገንዳው ጋ ደርሼ መጀመሪያ ለባሻ ነገርኳቸው። ሲሊንደሩን ከፍተው በአፍንጫቸው ሳቡት። «እኔ ምንም አይሸተኝም» አሉ። አቶ ዘሪሁን ሳቀ። «ወይዘሮዋ ሳሙና እያሸተተች ኖራ አየር ጠፍቷት ነው» አለ። «ትናንት ሁላችንም በሱ ተነፍሰን የለ? ማን ሞተ?» ባሻ እኔንም እሱንም አዩና ራሳቸው አንድ ሁለት ደቂቃ ተነፍሰውበት ደህና ነው አሉ።

እዚህ ላይ ልጄን ይዤ መሄድ ነበረብኝ። ሶስና መዋኛ ልብሷን ለብሳ እየተንቀጠቀጠች፣ ፊቴን እያየች ትጠብቃለች። ከዓርባ ዓመቴ በኋላ ሰው ሳቀብኝ ብዬ አፈርኩ። ገባን።

ጥልቁ ጋ፣ ሦስት ሜትር ላይ ነበርን። አቶ ዘሪሁን ወለሉ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ ቪዲዮ እንዲቀረጽ ፈለገ። ባሻ በፕላስቲክ የታሸገ ስልኩን ይዘው ይቀርጹታል። ናታን ከአባቱ ጀርባ ብቻውን ተንበርክኳል። እኔና ሶስና አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብለናል።

ሶስና መዳፏን ዘርግታ አወዛወዘች። ችግር አለ። ስለ አየሩ መሰለኝ፤ በእጄ ተረጋጊ አልኳት። ደግማ አወዛወዘች፤ በጣቷ አመለከተች። አልዞርኩም። ሦስተኛ አልጠበቀችም፤ ጥላኝ ሄደች። ያን ጊዜ ዞር ስል የናታን ላስቲክ ከአፉ ወጥቶ አጠገቡ ተንሳፏል፤ አንገቱ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ ሶስና የሲሊንደሩን ማሰሪያ ጨብጣ ወደ ላይ ትጎትተዋለች። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በብብቱ ያዝኩት። ሦስታችንም ወጣን።

ጠርዙ ላይ ስናስተኛው አስመለሰው። አፉ ሞላ፤ ሊታፈን ነው። ጣቴን አስገብቼ ጠረግሁ። ደግሜ ጠረግሁ። ሙቅ ነበር፤ የምሳው እህል ነበረበት። ክርኔ ድረስ ወረደ። የዚያን ጊዜ ምንም አልተጸየፍኩም፤ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ ያ ልጅ እንዲያስል። አሳለ። ተነፈሰ።

አቶ ዘሪሁን መጨረሻ ላይ ብቅ አለ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ አወጣና ወደ እኛ ሳያይ ባሻን «ተቀረጸ?» አላቸው።

የእሱ መኪና ውስጥ ጭነን ሆስፒታል ወሰድነው። አፍንጫው ላይ ኦክስጅን አደረጉለት። ሐኪሟ ወጣት ነች። «ከሰል አያይዘው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች እንዲህ ሆነው ይመጡልናል። ይህ ልጅ ምን ነበር የሚተነፍሰው?» አለች። አቶ ዘሪሁን የመኪናውን ቁልፍ ያገላብጣል። ባሻ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ነገርኳት፤ ከረቡዕ ጀምሮ ያለውን፣ ሽታውንም ጭምር። ወዲያው ሶስናንም እኔንም መረመረችን። እኛም መርዙ አለብን፤ ግን ቀላል ነው አለች። ናታን ያድራል።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከባሻ ጋር አቶ ዘሪሁን ግቢ ሄድኩ። እሱ ሆስፒታል ነው። በዓይኔ ካላየሁ ልቤ አልረጋጋ አለኝ።

ያየሁት፦ ከተዘጋ ፋብሪካ የተገዛ፣ በናፍጣ ሞተር የሚዞር አሮጌ ኮምፕሬሰር። ከሥሩ የተኛ ጥቁር ዘይት፣ ዘይቱ ውስጥ የሰጠሙ ዝንቦች። የማጣሪያው ክዳን ተከፍቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው፤ በማጣሪያው ቦታ ጠቅልለው የከተቱት ጨርቅ ነው። ጨርቁን በሁለት ጣት አወጣሁት። የውስጥ ልብስ ነበር። የወንድ። ጥቁር ሆኖ ይንጠባጠባል።

እዚያው ግድግዳ ሥር ተደግፌ አስመለስኩ። ያልኩት ሁሉ፣ የቻልኩት ሁሉ አብሮ ወጣ።

አየር የሚስብበት አፉ ደግሞ ከሞተሩ ጭስ ማውጫ ክንድ አይርቅም። ሞተሩ የሚተፋውን ጭስ ይኸኛው ይስባል፤ ሲሊንደሩ ይሞላል፤ ልጆች ይተነፍሱታል።

ግቢው ውስጥ የሚሠራ ሸምገል ያለ ብየዳ ሠራተኛ እጁን እየጠራረገ መጣ። ባሻ ማን እንደሆንን ነገሩት። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለሰው ሳንባ አይሆንም ብዬ ነግሬው ነበር» አለ። «አንድ ሳምንት ምንም አያደርግም አለኝ።»

ስለዚህ ያውቅ ነበር። ከዚህ በላይ የሚያቅለሸልሽ ነገር አላውቅም። ገንዳው፣ ፕላስተሩ፣ ፀጉሩ፣ ምራቁ፣ ሁሉም ከዚህ ጋር ሲተያይ ንጹሕ ነው።

ስንወጣ ባሻ በር ላይ ቆሙ። ስልሳ የሞላቸው፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ጎብጠዋል። «የሶስና እናት፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አሉ። «ከታመምኩ ወዲህ አፍንጫዬ ሞቷል። ስድስት ዓመቱ። ለማንም አልነገርኩም፤ ሥራዬን ያሳጣኛል ብዬ።» ትናንት ሲሊንደሩን ያሸተቱት እንዲያው ለይምሰል ኖሯል። ልናገራቸው ብዙ ነገር አፌ ላይ መጣ። የጠየቅኋቸው ግን የተረፉት ሲሊንደሮች የት እንዳሉ ብቻ ነው። አብረን ሄደን ሁሉንም ከፈትናቸው። እስኪያልቁ ድረስ ቆመን ጠበቅን። ያ ሽታ ግቢውን ሞላው። እሳቸው አይሸታቸውም። እንባቸው ይወርዳል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው፤ ታቦት የሚያነግሡ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ሆስፒታል እስክንደርስ ረፈደብን። ሶስና ናታንን ካላየሁ ብላ ነው። ነቅቷል። ከንፈሩ ቀለም መልሷል። እናቱ እግሩን እያሻሸችለት ነው። ልጆቹ በእጃቸው ማውራት ጀመሩ፤ ውሃም የለ፣ ላስቲክም የለ፣ ዝም ብለው በእጃቸው።

አቶ ዘሪሁን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። እንቅልፍ አላየም፤ ጢሙ አድጓል፤ ያዘንኩለት መስሎኝ ነበር። «እህቴ፣ ነገሩን አናስፋው» አለኝ። «ሰው ቢጠይቀን ምግብ ነው የመረዘው እንበል። ክትፎ በልቶ ነበር እንላለን። አንቺም ልጅ አለሽ፤ ባሻም የእንጀራ ገመዳቸው ይበጠሳል።»

ልጁ በአፍንጫው ኦክስጅን እየሳበ ከበሩ ማዶ ተኝቶ፣ አባቱ ክትፎ ይፈልግለታል።

«ለሐኪሟ ሐሙስ ዕለት እርስዎ ፊት ነግሬያታለሁ። ግቢዎም ሄጄ አይቻለሁ። የጠየቀኝን ሁሉ እነግረዋለሁ» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ከኋላችን ናታን ተናገረ። በሩ ክፍት ነበር። «አባዬ፣ እኔም ይሸታል ብዬህ ነበር። ወንድ ልጅ አይሞላቀቅም አልከኝ።» አልጮኸም። እንዲያው ለማስታወስ ያህል ነው የተናገረው።

አቶ ዘሪሁን ግድግዳው ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰውነቱ ተጣጥፎ ትንሽ ሆነ። አለቀሰ። አፍንጫውን በመዳፉ ጠረገና ያንኑ መዳፍ ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም። እጁ እርጥብ ስለሆነ አይደለም።

ግን ይህንንም ልጽፈው ይገባል። ሰውየውን ቁልቁል እያየሁ ስጸየፈው፣ ያ የልጁ ቃል እኔም ላይ ነበር የወደቀው። ሰው ፊት አታሳፍሪኝ፣ ዝም ብለሽ ተንፍሺ። እሱ የሞተሩን ጭስ ያውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም፤ ልዩነታችን ይህ ነው። ትልቅ ልዩነት ነው። የልጆቻችንን አፍ በመዝጋት ግን አንድ ነን። ቤት ገብቼ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ምንም አልነካሁበትም ነበር።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ባሻ ጠዋት ቤታችን ድረስ መጡ። ከረባት አስረዋል። ሲሊንደር የሚባል ነገር ከእንግዲህ ተመርምሮ ወረቀት ሳይያዝለት ውሃ አይገባም አሉ፤ ሽታ የሚለይ ረዳትም ይቀጥራሉ። ሐኪሟ ነገሩን ያሳወቀቻቸው የመንግሥት ሰዎች ነገ መጥተው ይጠይቋቸዋል፤ አፍንጫቸውን ጨምሮ ሁሉንም ሊነግሯቸው ወስነዋል። ከዚያ ወደ ሶስና ዞሩ። ቆመው ነው የተናገሩት። «ልጄ፣ አንቺ ነግረሽን አልሰማንሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ሶስና መልሱ ተያዘባት፤ ተያዘባት፤ ከዚያ ሁለት ጣቶቿን አገናኝታ አሳየቻቸው። ደህና ነኝ።

ናታን ወጥቷል። እናቱ ደውላ ነገረችኝ። ስለ ባሏ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አላነሳችም።

ከሰዓት ከሶስና ጋር ቃሊቲ ድረስ ወጣ ብለን ነበር። ስንመለስ፣ ታክሲ እየጠበቅን፣ የማልፈልገውን ንግግር ጀመርኩ። ይቅርታ ጠየቅኋት። የሆነ ነገር ከሸተታት፣ ከጎረበጣት፣ ካስጠላት፣ ማንም ፊት ይሁን ማን ጮክ ብላ እንድትነግረኝ አልኳት። ቢያዝባትም እስክትጨርስ እጠብቃለሁ አልኩ። መንገዱን እያየች ሰማችኝ። እሺም እንቢም አላለችም።

ገባን። ታክሲው ጢም ብሏል፤ ትከሻ ለትከሻ ነን። ቱሉ ዲምቱ ልንደርስ ስንል «እማዬ» አለች። ሰው ሁሉ ሰማ። «ያ ፀ-ፀ-ፀ...» ፊቷ ቀላ። ጠበቅሁ። ረዳቱ እንኳ ሂሳብ መጠየቁን ትቶ ጠበቀ። «ፀጉርሽ ላይ የምትቀቢው ቅባት በጣም ይሸታል። ሁልጊዜ ነው የሚሸተው።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሴትዮ «እውነቷን ነው እኮ» አሉ።

አፍንጫዬ እንጀራዬ ነው የምል ሴት ሦስት ዓመት ተቀብቼዋለሁ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ግን ልጄ አረፍተ ነገሩን ጨርሳዋለች፤ አሥራ አምስት ሰው ፊት።

ቅባቱን አሁን ከፍቼ አሸተትኩት። ከሥሩ ቆምጧል። ጣልኩት።

ወደ ውሃው ትመለሳለች ወይ የሚለውን ገና አላወቅሁም። እሷ ትፈልጋለች። እኔ አንድ ላስቲክ አፏ ሲገባ ዳግመኛ ማየት መቻሌን አላውቅም። ነገ ጠዋት መልስ እንድሰጣት ጠይቃኝ ስለነበር፣ ሳልወስን እንዳይነጋብኝ ፈራሁና «ተነጋግረን እንወስን» አልኳት። «እሺ፣ እኔ ብዙ የምለው አለኝ» አለች።